ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ

በጦርነቱ መብራቱ ከጠፋ፣ ስልኩም ከተዘጋ ወዲህ ከመርሳ ከተማ በላይ ባለው መንደራችን የውጭ ወሬ የሚያመጣ የእኔ ሬዲዮ ብቻ ነበር። አዲስ የባትሪ ድንጋይ ደግሞ ከሱቅ ጠፋ። ስለዚህ ያለቀውን ከየቤቱ ለምኜ ሰበሰብኩ፤ ከእጅ ባትሪ የወጣውን፣ ልጆች መጫወቻ ያደረጉትን፣ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የተወሸቀውን። ጠዋት ጠዋት በመሰላል ወጥቼ የቤቱ ቆርቆሮ ላይ አሰጣዋለሁ፤ ሲግል ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ደካማ ስለሆነ ብዙውን አፍና ቂጡን አገናኝቼ በካርቶን እጠቀልልና በጨርቅ እጠፍረዋለሁ። ሽቦ ከጫፍና ከጫፉ ስቤ ከሬዲዮው ጋር አገናኛለሁ።

ፀሐይ ያላስነሳውን ጎረቤቴ ይነክስልኛል፤ እኔ ጥርስ የለኝም። እሱ እስላም ነው፣ አብረን ነው ያረጀነው። በነከሰ ቁጥር፣ «ወላሂ ስሞት ጥርሴን ላንተ ነው የምናዘዘው» ይለኛል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለዘፈን አልነበረም። ባለቤቴ ሆዷን ታማ ተኝታለች። ደሴ ሄዳ ካልተቀደደች አትድንም ተብሎ ነበር፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። ተከፈተ የሚለውን ነበር ከሬዲዮው የምጠብቀው። ለዜና ብቻ እከፍትና ወዲያው እዘጋለሁ። ሰው ተሰብስቦ ትንሽ አምባሰል አሰማን ቢለኝ አሻፈረኝ አልኩ። እሷም አንድ ቀን ለመነችኝ። ድንጋዩ ያልቃል ብዬ እምቢ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሬዲዮው የዓለሙን ሁሉ ያወራል፣ የእኛን መንገድ ግን አያነሳም። እኔም ነገ ያነሳል እያልኩ አሰጣለሁ፣ እለቅማለሁ። መሰላሉ ጉልበቴን ጨረሰው። ከድንጋዩ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ እጄን ላጠው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዜና አንባቢው ስለ መንገድ ማውራት ሲጀምር ድምፁ ሰለለና ጠፋ። ሌላ ድንጋይ ልቀይር እጣደፋለሁ፣ ሽቦው ከእጄ ያመልጠኛል። ጎረቤቴ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«አንተ፣ ይሄ ሬዲዮ ነው እንዴ የሚያክማት?» አለኝ።

ሳናውቅ ወጥተን መኪና ብናጣስ፣ አስፋልት ዳር ብትሞትብኝስ ብዬ ተከራከርኩ። እሷ መደቡ ላይ ሆና ትሰማናለች።

«ተዘግቶም እንደሆነ ሄጄ ልየው። ድንጋይህን ተወውና አንሳኝ» አለች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ጠንክራ ስትናገር አልሰማኋትም።

ጎረቤቴ የቅሬውን ሰው ጠራ። የእኛ ቅሬ ለቀብር ብቻ አይደለም፣ በሽተኛም ይሸከማል። ክርስቲያኑም እስላሙም ቃሬዛዋን እየተቀባበለ ቁልቁል ወሰዳት፤ እኔ ከኋላ እየተጎተትኩ ደረስኩ። መርሳ አስፋልቱ ዳር ሽንኩርት የጫነ አንድ አይሱዙ ቆሞ ጎማ ይቀይራል። ሹፌሩን ከየት መጣህ ብለው ከደሴ አለኝ። መንገዱስ አልኩት።

«አባባ፣ ከተከፈተ እኮ ቆየ። ገበያ ሁለቴ ዋለ» አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቴ ይስቅብኝ ነበር፤ አሁን ግን መኪና ሊፈልግ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ወደ ደሴ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘ። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወሰዳት። ትከሻዬ ደነዘዘ፤ እንዳትነቃ ብዬ ሳልነቃነቅ ደሴ ገባን።

ሐኪሙ እስካሁን የት ነበራችሁ ብሎ ተቆጣኝ። ቀደዳት፣ ዳነች። ይኸው አሁን ከእኔ ቀድማ ገበያ ትደርሳለች። ድካሙ ያልወጣልኝ እኔ ነኝ።