በእሸት ቡና የተቆጠረ ትንፋሽ

በኅዳር ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ስጓዝ የመኪናውን መስኮት ዝቅ ካደረግሁ ያ ሽታ ሳይጠራ ይመጣል፤ ተለቅሞ ገና አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ያየ ቀይ እሸት ቡና፣ ግማሹ ማር ግማሹ እርሾ የመሰለ፣ ምራቅ የሚያመጣ ሽታ። ለሌላው ሰው የለቀማ ሽታ ነው። ለእኔ ግን የባሕር ሽታ ነው፤ ባሕርን አይቼ ሳላውቅ ባሕርን የተመኘሁት በዚያ ሽታ ውስጥ ነበርና።

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። የእናቴ ወንድም አጎቴ ታደሰ በወጣትነቱ ምጽዋ ወርዶ፣ ውኃ ውስጥ እየጠለቀ የመርከብ ሆድ የሚፍቅ ሠራተኛ ሆኖ ነበርና ከዚያ ደብዳቤ ላከ። ከቤታችን ማንበብ የሚችል ስላልነበረ አባቴ ዲላ ገበያ ይዞት ወርዶ በደብዳቤ ጸሐፊ አስነበበው፤ እኔም አጠገቡ ቆሜ ስሰማ በቃሌ ያዝሁት። «ሚስቴ በሰላም ተገላግላለች። ለገና ልጆቹን ይዘህ ና፤ በጀልባ ወደ አንዲት ደሴት ተሻግረን፣ መነጽር አድርጌላቸው የባሕሩን ሥር አሳያቸዋለሁ፤ ዓሣው አበባ ይመስላል» ይል ነበር። ያን ክረምት ዝናቡ እየወረደ እኔ ምድጃ ዳር ተቀምጬ፣ በቃሌ የያዝሁትን ከወረቀቱ ጋር እያገጣጠምሁ ማንበብ ለመድሁ። ልጆቼ «ፊደል ያስቆጠረህ ማን ነው?» ሲሉኝ «ባሕር» እላቸዋለሁ፤ ይስቃሉ። ሰው የሚመኘው ነገር ከተጻፈለት ማንበብ አይከብደውም።

ጥቅምት ገብቶ ለገዳራ የሚባለው ወንዛችን ጎደል ሲልና እሸቱ መቅላት ሲጀምር፣ በሁለት ዓመት ከምትበልጠኝ እኅቴ ከአስቴር ጋር መጥለቅ እንለማመድ ነበር። ሰዓት ስላልነበረን ትንፋሻችንን የምንቆጥረው በእሸት ቡና ነበር፤ አንዳችን ጭንቅላታችንን ውኃው ውስጥ ስንቀብር ሌላችን ከቅርጫት አንድ አንድ ፍሬ እያነሣን ድንጋይ ላይ እንደረድራለን፣ ጠላቂው ብቅ ሲል የተደረደረው ሁሉ የእርሱ ይሆናል፤ ልጣጩን ነክሶ፣ ጣፋጩን መጥጦ፣ ፍሬውን ይተፋል። አስቴርን ውኃ ውስጥ ሳቅ ያሸንፋት ነበር። እኔ እልኸኛ ስለነበርሁ ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ቆይቼ፣ ወጥቼም እከራከር ነበር።

«ሆን ብለሽ በዝግታ ነው የምትደረድሪው።»

«አንተ ውኃ ውስጥ ሆነህ በምን አየህ?»

ኅዳር ላይ የአውቶቡስ ረዳቶች ክፉ ወሬ ይዘው መጡ፤ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ትውከትና ተቅማጥ ሰው እየጣለ ነው ተባለ። እናቴ ውኃ አፍልታ ማስጠጣት ጀመረች፤ «ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ይቅር» አለች። አባቴ ደግሞ እወስዳችኋለሁ ብሎን ነበር፤ ቃሉን ለልጅ በቀላሉ የማይሰጥ፣ ከሰጠም የማያጥፍ ሰው ነበርና መሄጃችን ሲደርስ ሁለት ሌሊት ሲገላበጥ አድሮ፣ በመጨረሻ ነገሩን ወደ ሶንጎ ልውሰደው አለ። ሶንጎ የጌዴኦ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ የአገሩን ጉዳይ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ የሚነጋገሩበት ሜዳ ነው። የድንበርና የደም ነገር ሲዳኝበት ሰምቻለሁ፤ የሽርሽር ነገር ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል።

ጉዳዩ የእኛ ነውና ልጆቹም ይስሙ ብሎ አባቴ ሊወስደን ተዘጋጀ። እኔ ያን ጠዋት ከእንሰቱ ጀርባ ተደብቄ ስመለስ አስቴር መንገድ ላይ ጠበቀችኝ።

«አምስተኛህ ነው» አለችኝ።

«ዝም በይ። ከተሰማ እንቀራለን።»

«እኔስ ዝም እላለሁ። የሚጮኸው ሆድህ ነው።»

እርሷም ባሕሩን ትፈልግ ነበር። ልጅ ውሸትን ከመጥፎ ጓደኛ ይማራል ይባላል፤ እኔ የተማርሁት ከገዛ ምኞቴ ነው።

የሶንጎው ንግግር በጌዴኦኛ ነበርና ወደ አማርኛ ሳመጣው ለዛው ይቀንሳል። አባቴ ተነሥቶ ነገሩን አስረዳ። አቶ ሾሬ የተባሉ ቀልደኛ ጎረቤታችን ቀደሙ።

«ውኃው ከለገዳራ ይበልጣል?»

«ማዶ የለውም ይላሉ።»

«ማዶ ከሌለው መኖሩን በምን አወቁ?»

«ልጆቹ መነጽር አድርገው ገብተው ዓሣ ያያሉ» አለ አባቴ።

«ዓሣው እሺ ብሏል?»

ሜዳው በሳቅ ሞላ። ከዚያ አንዱ መንገዱ ረጅም ነው፣ አንዱ ማደሪያው ያሰጋል፣ ሌላው እግዚአብሔር ካለ ምንም አይነካቸውም እያሉ ተራ በተራ ተናገሩ፤ ወደ «ይሂዱ» ማድላታቸውን ሳይ ሆዴን በሁለት እጄ ይዤ ደስ አለኝ። በመጨረሻ በዕድሜ የሁሉ ታላቅ የሆኑት አባባ ዋቆ ዱላቸውን መሬት ላይ አጋደሙ።

«እስካሁን የጠየቅነው በሽታው መንገድ ላይ ያገኛቸዋል ወይ ብለን ነው። ይዘውት ቢሄዱስ? እዚያ ቤት ሕፃን አለ ብለሃል።»

እኔ ገና ያላየሁት የአጎቴ ሕፃን በዓይኔ መጣብኝ፤ ፊት አልነበረውም፣ ጨርቅና ትንሽ እጅ ብቻ ነበር። ሳላስበው ቆሜ ተገኘሁ።

«አባዬ፣ ሆዴን አሞኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«ስንቴ ወጣህ?»

«ሦስቴ።»

«አምስቴ» አለች አስቴር ከኋላዬ።

አባባ ዋቆ አጠገባቸው ጠርተው ዓይኔንና ምላሴን አዩ። «ትናንት ምን በላህ?»

«እሸት ቡና።»

«ምን ያህል?»

እጆቼን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ ከዚያም የትንፋሹን ጨዋታ፣ በዚያን ቀን አስቴርን እንዴት እንዳሸነፍሁ፣ የተደረደረውንም አንድ ሳላስቀር እንደመጠጥሁ ተናገርሁ። እሸት ቡና ያበዛ ልጅ ሆዱ እንደሚፈታ የማያውቅ በዚያ ሜዳ አልነበረምና አቶ ሾሬ እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ። «ይህ ልጅ ባሕሩንም ይጠጣዋል» አሉ። ሲስቁ ቆይተው ግን «አይሄዱም» ብለው ተስማሙ። አባቴም «አይሄዱም» አለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሆዴ ደህና ሆነ፤ ከቤታችንም ማንም አልታመመም። ያን ጊዜ ብሶቴ ገንፍሎ «ቡናው ብቻ ከነበረ ለምን ቀረን?» አልሁት አባቴን።

«ያን ቀን አውቀን ነበር?» አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

የካቲት ላይ በሽታው ጠፍቶ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ እኛ ያልሄድንበትን መንገድ አጎቴ ታደሰ መጣበት፤ በሻንጣው ውስጥ ጥቁር ጎማ ያለው የመጥለቂያ መነጽር ነበር። በበጋ ለገዳራ ጠርቶ ድንጋዩ ይቆጠራልና ወደ ወንዙ ወረድን፤ ወሬው ቀድሞን ሽማግሌዎቹ ዳር ዳሩን ተቀምጠው ጠበቁን። እኔና አስቴር እስኪበርደን ጠለቅን፤ ሸርጣን ድንጋይ ሥር ሲገባ፣ ጣት የሚያህሉ ዓሦች በአፍንጫችን ሥር ሲያልፉ አየን። አባባ ዋቆም መነጽሩን ተቀብለው ፊታቸውን ብቻ ውኃው ውስጥ ነከሩ፤ ቀና ሲሉ «ይህ ሁሉ እዚህ ነበር?» አሉ። ከዚያ አባቴ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። አስቴር ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ ትደረድር ጀመር፤ ድንጋዩ ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ተሻገረች፣ እናቴ ደንግጣ ተነሣች፣ እርሱም ውኃ እየተፋ ወጥቶ ሳቀ። አባቴ ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዓለምን ሁሉ ቤት የዘጋበት በሽታ ገና ሲጀምር፣ ሐዋሳ የምትሠራው ልጄ ሰላም ደወለችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር ዛንዚባር ሄዳ ውኃ መጥለቅ ልትማር ትኬት ቆርጣ ነበር።

«አባዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ጤናሽስ?»

«ጉሮሮዬን ትንሽ ይዞኛል። ብርድ ነው።»

«ስንት ቀንሽ ነው?»

«ሁለት።» ከኋላዋ ሆና የምታርማት እኅት አልነበረችም። «አራት» ብላ ራሷ አረመችው።

«ቅሪ» ልላት ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ለእኔ ከማስረዳት ማዘዝ ይቀለኛል። ነገር ግን የእሸት ቡናውን ታሪክ ነገርኋት፤ ሳቀች፤ በማግስቱም ትኬቱን ሰረዘች። ብርድ ብቻ ነበር። ስትወቅሰኝ የአባቴን ቃል መለስሁላት። እኔን አንድ ሜዳ ሙሉ ሰው ከቦ እየሳቀ አስቀረኝ፤ እርሷ ግን በተከራየቻት ክፍል ውስጥ ብቻዋን ወስና ቀረች። ስለዚህ ጎበዟ እርሷ ናት። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያት አላውቅም።

ነገሩ ካለፈ በኋላ በአንድ የካቲት መጣችና ወደ ለገዳራ ወረድን። ያኔ ለአባቴ ቁመት የበቃው ውኃ ዛሬ ለጉልበት አይበቃም፣ አጎቴ የተወልን መነጽርም ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። መነጽሩን ፊቷ ላይ በእጇ ይዛ ጎንበስ ስትል እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጀንፈል መደርደር ጀመርሁ። አስቴር በእኔ ላይ በዝግታ ትደረድር እንደነበር እስከ ዛሬ አላረጋገጥሁም። እኔ ግን ለልጄ ቶሎ ቶሎ ነበር የደረደርሁላት።