በትንፋሼ ያጠፋሁት ሞተር

የሞተር ድምፅ ሰምቼ ምን እንደጎደለው ለመናገር ኮፈን መክፈት አያስፈልገኝም። ይህን ያስተማረኝ ሰው የለም። አዲስ አበባ ሳለሁ የሰፈሩን ሞተር ሳይክሎች እየፈታሁ እየገጠምኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። የመጀመሪያውን ስገጥም ብሎኖች ተርፈውኝ ነበር፤ ሞተር ሳይክሉ ግን ከበፊቱ በተሻለ ሄደ። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ሆኖ ይፈጠራል፤ ምን ይደረግ።

ዳላስ ከመጣሁ በኋላ ኤርፖርት ውስጥ የፓርኪንግ አውቶቡስ እነዳ ነበር። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን በአናቴ ላይ ያልፋል፤ እኔ ታች መንገደኛ ከነሻንጣው አመላልሳለሁ። ነዳጅ ጋሎኑ አራት ዶላር የገባ ሰሞን፣ ሰው ሁሉ መኪናውን ማቆም ሲያምረው፣ እኔ ቤንዚን የምትጠጣ የራሴን አውሮፕላን ሠርቼ ጨረስኩ። በሪሞት የምትበር፣ ክንፏ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ፣ ቢጫ አውሮፕላን። እንጨቱን የቆረጥኩት እኔ፣ ሽፋኑን በካውያ የወጠርኩት እኔ። የተገዛው ሞተሩ ብቻ ነው። ጋራዡን አውሮፕላኗ ስለያዘችው የሚስቴ መኪና ብርዱን ወራት ሁሉ ደጅ ነበር ያደረው።

የማበርበት ሜዳ ከግሬፕቫይን ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የክለብ ሜዳ ነበር። አብሮኝ የሚመጣው የሚስቴ ወንድም ነው። ዩለስ የምትባል ጎረቤት ከተማ ይኖራል፤ ኤርፖርት ሻንጣ ይጭናል። በዕድሜ ብዙ ስለምበልጠው አንቱ ይለኛል፤ አንቱ እያለ ግን እንደ እሱ የሚተርበኝ ሰው የለም።

አውሮፕላኗ መሬት ላይ ስትሠራ ድምፅዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና የተስተካከለ ነበር። ካርቡሬተሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። አንዱ በሚኒሞ፣ ማለትም ሞተሩ በቀስታ ሲሠራ፣ ሌላው ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ የሚጠጣውን ቤንዚን ይመጥናሉ። ሁለቱንም በካቻቢቴ ጥቂት በጥቂት እያዞርኩ በጆሮዬ አስተካክያቸዋለሁ። ተነሥታ ስትፈጥን ግን ድምፅዋ ይታፈናል፣ ከኋላዋ ጭስ ትለቃለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። መጀመሪያ የጠፋችብኝ ጊዜ ሞተር በሌለበት አንሳፍፌ ሣሩ ላይ አሳረፍኳት። በሚቀጥለው እሑድ ግን አጥሩን ተሻገረችና መኪና የሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጠች። ሌላ ሰው ቢሆን ስብርባሪዋን ይለቅም ነበር፤ እኔ አንድ ጭረት ሳይነካት ነው ያስቀመጥኳት።

በዚያች እሑድ አውሮፕላኗ ገና አየር ላይ ሳለች የሜዳው ደኅንነት ኃላፊ ከኋላዬ ቆሞ በእንግሊዝኛ «ሪች ነህ፣ በጣም ሪች ነህ» ይለኛል፤ ሀብታም ነህ ማለቱ መሰለኝ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ባርኔጣው ጃንጥላ ያህላል።

«ሪችስ አንተ ነህ፣ ሁለት ትራክ ያለህ። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ» አልኩት፣ ዓይኔን ከሰማይ ሳልነቅል።

የሚስቴ ወንድም ከሳቁ ብዛት የበረዶ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ኖ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም። ሞተሩን ነው። ቤንዚን በዝቶበታል ማለቱ ነው።»

«ታዲያ በዛበት አይልም?»

«እነሱ እንደዚያ ነው የሚሉት። ሲያንሰው ደግሞ ከሲታ ነው ይላሉ።»

«እኔም ሚስቴ የደበቀችኝ ሀብት አለ እንዴ ብዬ ነበር።»

አውሮፕላኗን ከመንገድ ዳር ተሸክመን ስንመለስ ግን ኃላፊው አልሳቀም። «መኪና ላይ ወድቃ ቢሆንስ?» አለኝ። «ካርቡሬተሩን ቀይር። ከአሁን በኋላ አየር ላይ አንዴ ከጠፋች ይህች አውሮፕላን ሁለተኛ ከዚህ ሜዳ አትነሣም።»

እዚህ ከተከለከለች ሌላ የማበርበት ቦታ አልነበረኝም። ያን ሁሉ ወራት የሠራኋት አውሮፕላን ጋራዥ ጣሪያ ላይ ተሰቅላ ልትቀር ነው።

የሜዳው ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። ብሎኑን ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት፤ መሬት ላይ ሞተሩ እያሳለው ኃይል አልቀበልም አለ። ከፈትኩት፤ መሬት ላይ ደህና ሆነ፣ ብትነሣ ግን አየር ላይ ያው በቤንዚን መስጠሙ አይቀርም። መዝጋትና መክፈት ማንም ይችላል። እኔ ማሰብ ጀመርኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ የሚስቴ ወንድም መኪና ኤሲው ተበላሽቶ ስለነበር መስኮት ከፍተን ሀይዌይ ገባን። በፈጠነ ቁጥር ነፋሱ ጆሮዬን ዱም ዱም ያደርገዋል። መስኮቱን ዘጋሁት፤ ጆሮዬ ተለቀቀ። ከፈትኩት፤ ዱም ዱም። ያን ጊዜ ገባኝ። ካርቡሬተሩም እኮ ጆሮ አለው። ከጎኑ ክዳን አለ፤ ክዳኑ ላይ በመርፌ የተወጋች የምትመስል ቀዳዳ አለች፤ ከሥሩ ደግሞ ስስ ጎማ ተወጥሯል። ያ ጎማ ሲጫኑት ቤንዚን ይለቃል። እኔ መሬት ላይ ሳስተካክላት የአፍንጫዋን ኮፈን አውልቄ ነው። ስትበር ግን ኮፈኑ ይገጠማል፣ ነፋሱም ከፊት ገብቶ እዚያው ይታመቃል።

«አገኘሁት» አልኩ። «ነፋሱ ጎማውን እየተጫነው ነው።»

«የቱን ጎማ? የኋላውን ነው? ፑል ኦቨር ላድርግ፣ ዳር ልያዝ?»

«ንዳ፣ አንተን አይመለከትም።»

በነጋታው ጓሮ ውስጥ አውሮፕላኗን ከጠረጴዛ ጋር አስሬ አስነሣኋት። የቀጭን ፕላስቲክ ቱቦ አንዱን ጫፍ ቀዳዳዋ ላይ ገጠምኩ፣ ሌላውን ጫፍ ይዤ ከክንፏ ኋላ ቆምኩና አፌ ውስጥ አደረግሁት። ሙሉ ኃይል ሰጠኋትና እፍ አልኩ። ድምፅዋ ታፈነ፣ ጭስ ለቀቀች፤ አየር ላይ የምታሰማው ያው ድምፅ ነው። ተውኩት፤ ተስተካከለች።

ሚስቴ በመስኮት ብቅ አለች። «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ደግሞ ሺሻ ጀመርክ?»

«ዝም ብለሽ እዪኝ። ሞተር በትንፋሼ ላጠፋ ነው።»

በረጅሙ ነፋሁ። ሞተሩ ተንተባተበና ጠፋ።

«ምን ይገርማል» አለች፣ «አንተ አፍህን ከከፈትክ የማይደክም ማን አለ?»

ሚስቴ ታሹፍ እንጂ፣ ሞተር በትንፋሹ ያጠፋ ሰው አይታ እንደማታውቅ አውቃለሁ። ቀዳዳዋ ላይ ቀጭን የነሐስ ቱቦ በሊድ በየድኩ፤ ከእሱ የጎማ ቱቦ ቀጥዬ ነፋስ ወደማይደርስበት ወደ አውሮፕላኗ ሆድ አስገባሁት። ሁለቱን ብሎኖች እንደገና በጆሮዬ አስተካከልኩ። ይህን ዘዴ ከእኔ በፊት የሚያውቁት ሰዎች እንዳሉ ኋላ ተነገረኝ። ይወቁት። እኔ ያገኘሁት ከማንም ሳልጠይቅ ነው።

እሑድ ዕለት ሜዳው ላይ ሙቀቱ ያቃጥል ነበር። ኃላፊው እጁን አጣምሮ ከኋላዬ ቆመ።

«ቀየርከው?»

«አልቀየርኩም። ጆሮውን ከነፋስ ከለልኩለት።»

ኃላፊው ዞሮ የሚስቴን ወንድም ተመለከተ። እሱም በእንግሊዝኛ «ሠርቼዋለሁ ማለቱ ነው» አለው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ደግሞ «ጋሼ፣ አሁን ብትጠፋ ለእህቴ እኔ አልነግርም፣ እርስዎ ራስዎ ይነግሯታል» አለኝ።

አስነሣኋት። ሣሩን ለቃ ወጣች፣ ዞረች። ከፍ አደረግኋትና አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍቼ በሙሉ ኃይሏ ለቀቅኋት። የምትጠፋው ሁልጊዜ እዚህ ላይ ነበር። በፊታችን ስታልፍ ድምፅዋ አልታፈነም፤ እንዲያውም እየጠራ፣ እየቀጠነ ሄደ። ከኋላዋ ጭስ የሚባል የለም። ቀጥ አድርጌ ወደ ላይ ሰደድኳት፤ ሽቅብ ወጣች። ገለበጥኳት፤ ተገለበጠች። በጀርባዋ አስኬድኳት። የሌሎቹ ሰዎች ካቻቢቴ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ሁሉም አንጋጦ ያያል። እንደዚያ ቀን የተዋበ የሞተር ድምፅ በዚያ ሜዳ ተሰምቶ አያውቅም፤ ከእኔ በላይ ለመናገር የሚችልም የለም።

«ጋሼ፣ ይብቃዎት፣ ሰላም ሳለች ያሳርፏት» አለኝ የሚስቴ ወንድም።

«ገና አሁን መሞቋ ነው።»

ኃላፊው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። በመጨረሻ «ጥሩ፣ ትበራለች» አለ፤ «በል አሁን አውርዳት፣ ሰዎች ተራ እየጠበቁ ነው።»

ባለፈው እሑድ እንዳትነሣ ሊከለክላት የነበረ ሰው አሁን እንድትወርድ ይለምነኝ ጀመር። አንድ ዙር ጨመርኩላት፤ ከዚያም ሌላ።