ማይ ውዑይ ላይ ያልጨረስኩት ተረት

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በጃንሆይ ጊዜ፣ ፌዴሬሽኑ ፈርሶ፣ ባንዲራችን ወርዶ ትምህርት ቤቱም መሥሪያ ቤቱም አማርኛ ብቻ ከሆነ በኋላ፣ እናቴ በብርዱ ወራት ማይ ውዑይ ወደሚባለው ፍል ውሃ ይዛኝ ወረደች። ጻፊ እንጂ ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ታይኛለሽ። ስለ አያቴ ንገሪኝ ያልሽው አንቺ አይደለሽ? እኔ ስለ እሱ ያለኝ ወሬ ይሄ ነው፣ እሱ ራሱ የሌለበት። ወንድሜ፣ አባትሽም ቢሆን አያስታውሰውም፤ ያኔ ገና የሚድህ ሕፃን ነበር፣ እናታችን ጀርባ ላይ ታዝሎ ነው የወረደው።

አስመራ፣ ገጀረት ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጣሊያን ቪላ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ነበረችን። እናቴ የቪላውን ሰዎች ልብስ ታጥባለች፣ አባቴ ጋራዥ ይሠራል። አንድ ጠዋት ቱታውን ለብሶ፣ ዳቦውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ወጣ፣ በዚያው ቀረ። እናቴ «ምጽዋ ወደብ ሥራ አግኝቷል» አለችኝና ከዚያ በኋላ ስሙን አላነሳችም። ስለ ሌላውም ነገር ቢሆን አታወራም። ብዪ፣ ያዢ፣ ተኚ፣ በቃ ይሄው ነው። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ካላወራሁ ያመኛል። ማታ ማታ እሷ በከሰል ካውያ የሰው ልብስ ስትተኩስ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የአማርኛ ትምህርቴን ጮክ ብዬ አነብ ነበር፤ መምህራችን ጮክ ብሎ ያላነበበ አልገባውም የሚል ሰው ነበር። የፍሙ ሽታ፣ ከእርጥቡ ጨርቅ የሚነሳው እንፋሎት፣ ከዚያ የእኔ ድምፅ ብቻ። ለግድግዳ የማነብ ነበር የሚመስለኝ።

በዚያ ብርድ በቀዝቃዛ ውሃ ስታጥብ ስታጥብ የእናቴ ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ጎረቤቶቻችን «ማይ ውዑይ ውረጂ፣ ያ ውሃ ለእጅ መድኃኒት ነው» አሏት። የት ነው ብዬ ጠየቅኩ። በምጽዋ መንገድ፣ ቆላው ውስጥ አሉኝ። ምጽዋ ሲሉ እኔ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። እጁ ሰበብ ነው፣ ከአባቴ ጋር ልታገናኘኝ ነው አልኩ በልቤ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ፣ ያውም እኔ፣ ያንን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ ዝም አልኩ።

አውቶቡሱ ከጉሙ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወርዶ ወርዶ ሙቀቱ ውስጥ ጣለን። ማይ ውዑይ ያኔ ምን ነበረው መሰለሽ፣ ድንጋይ፣ ግራር፣ ከመሬት የሚንፎለፎል ውሃ፣ ጣሊያን የሠራው አሮጌ መታጠቢያ፣ የዛገ ብረት የሚመስል ሽታ። ለመታከም የመጣ ሰው ግራሩ ሥር አንሶላ ወጥሮ፣ ሰሌን አንጥፎ ይሰነብታል። እኛም ነጠላ ወጥረን ገባን። እሑድ እሑድ ደግሞ ከአስመራም ከምጽዋም በማኪና የሚመጡ ነበሩ፣ ለመዝናናት። ቅርጫታቸውን አውርደው ምሳቸውን ይበላሉ፣ አባቶቹ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው ውሃው ውስጥ ይገባሉ፣ ልጆቹ ይጮሃሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሲመሽ ይሄዳሉ፣ የብርቱካን ልጣጫቸው ይቀራል።

የኔ ሥራ ፌርማታው ነበር። ከምጽዋ በኩል አውቶቡስ ሲያጓራ በሰማሁ ቁጥር አባትሽን መሬት ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ። ከበሩ አጠገብ ቆሜ የሚወርደውን ሰው ከእግሩ ጀምሬ አያለሁ፣ የአባቴን ጫማ ስለማውቀው። ሰልችቶት መሰለኝ ረዳቱ ከሩቅ ሲያየኝ «ዛሬም ሙሽራሽ ቀረ!» ይለኛል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ስመለስ እናቴ የት ነበርሽ አትለኝም። ታየኛለች፣ ከዚያ እጇን ታያለች።

እንግዲህ የማይ ውዑይ ደንብ ነበር። ከውሃው የወጣ ሰው በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ጋደም ብሎ ያልበዋል፣ ግን አይተኛም። ላብ ላይ የተኛ ሰው ሕመሙ ተመልሶ አጥንቱ ውስጥ ይገባል ይሉ ነበር። ሴቶቹ ተራቸው ፀሐይ ስትጠልቅ ነበር፤ ከታጠቡ በኋላ ተጠቅልለው በረድፍ ይጋደማሉ፣ ፊታቸው ብቻ ነው የሚታየው፣ እንዳይተኙ ደግሞ ዘይነብ ተረት ታወራላቸዋለች። ዘይነብ ከወሎ የመጣች ሙስሊም ነበረች፣ ሸምገል ያለች፣ እዚያው ሻሂ የምትሸጥ። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ትግርኛዋ ለሻሂ መሸጫ ብቻ ነው የሚበቃው፤ ተረት ላይ ስትደርስ አማርኛ ይሆንባታል። ሴቶቹ ደግሞ አማርኛ አያውቁም። በመጀመሪያው ማታ «ከእናንተ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ የለም?» ስትል እኔ እንደ ክፍል ውስጥ እጄን አወጣሁ። ሳቁብኝ።

«ነይ እስቲ የኔ አስተማሪ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አለችኝ ዘይነብ።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እሷ በአማርኛ ትላለች፣ እኔ በትግርኛ እላለሁ። ፋኖሱ ግራሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ከጀበናው... አይ፣ ጀበና አይደለም፣ የሻሂ በራድ ነው፣ ከበራዱ ሥር ፍሙ ቀልቷል፣ ከሴቶቹ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ስትጀምር «ላቡ መጣ?» ትላለች። ሴቶቹ «መጺኡ!» ይሏታል። ስትጨርስ «በሉ ላባችሁን ጥረጉ» ትላለች፣ ያኔ መነሳት ይቻላል። ከከረን የመጡ አንዲት ወፍራም ሴት ነበሩ፣ «ይቺ ልጅ አፏ ጤፍ ይቆላል፣ እናቷ እንዲህ ዝም ያለች፣ ከማን አመጣችው?» ይሉ ነበር። እናቴ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆና ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ይሰሙኝ ነበር፣ ገባሽ? ቤታችን ውስጥ ያን ሁሉ ወራት ማንም አልሰማኝም፤ እዚያ ግን ተጠቅልለው የተጋደሙ ሴቶች አፌን ይጠብቁ ነበር። ተረቱ ሲያልቅ ግን ሁሉም ወደየአንሶላው ይገባል፣ እኔ ደግሞ ጨለማውን እያየሁ የምጽዋን መንገድ አዳምጣለሁ።

ልንመለስ ስንል በመጨረሻው ማታ ዘይነብ የዚያን የራሱን ውሃ ተረት አመጣች። ድሮ እዚህ ቦታ ውሃ አልነበረም አለች። አንድ ሰው ውሃ ፍለጋ ሲወጣ ሚስቱን «እሳቱን አታጥፊ፣ ጭሱን አይቼ ነው የምመለሰው» አላት። እኔም ተቀብዬ በትግርኛ አልኩ። ሴትየዋ እሳቱን ያዘች። እንጨቱ ሲያልቅ አልጋዋን አነደደች፣ አልጋዋ ሲያልቅ በሩን ነቅላ አነደደች፣ ቤቷ ሜዳ ሆኖ ሳለ እሳቱ ግን ነበር። አልኩ። አንድ ንጋት ላይ ምድጃው ሥር መሬቱ ተሰነጠቀና ውሃ ወጣ፤ ሙቀቱ የዚያው የሴትየዋ እሳት ነው። ይሄንንም አልኩ፣ ሴቶቹ በደስታ እሰይ እሰይ አሉ። ከዚያ ዘይነብ ፍሙን በቆርቆሮ እየነካካች ቀስ ብላ እንዲህ አለች፤

«ውሃው መጣ፣ ሰውየው ግን አልመጣም።»

እኔ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። በአማርኛ ስትለው ተረት ነበር፤ በትግርኛ ልለው ስል ግን የቤታችን ነገር ሆነብኝ። የአባቴ ጫማ ታየኝ። እኔ ካልኩት የሚሆን መሰለኝ።

«እህ? ምን ሆነ ሰውየው?» አሉ ወፍራሟ ሴት። «ኧረ ቀጥዪ፣ እንቅልፍ ሊወስደን ነው!»

ፍሙ ሲንጣጣ ብቻ ይሰማል። አባትሽ እናቴ ጎን ተኝቷል። እንግዲህ ያኔ ነው፣ ከዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ ያን ሁሉ ወራት ከትእዛዝ በቀር ያልወጣው የእናቴ ድምፅ የወጣው። ዓይኗን አልገለጠችም።

«እቲ ማይ መጺኡ» አለች፣ «እቲ ሰብኣይ ግን ኣይመጸን።»

ልክ እንደ ዘይነብ፣ ቃል በቃል፣ በትግርኛ። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩዋት። ዘይነብ ወደ እኔ ጠጋ አለችና «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ጨረሰችው» አልኳት።

ዘይነብ እናቴን ትንሽ አየቻት። «በሉ ላባችሁን ጥረጉ» አለች። ሁሉም ፊቱን ጠረገ፣ እናቴም ጠረገች። ጠርጋ ጠርጋ፣ እንደገና ጠረገች። ወፍራሟ ሴት እንኳ አልቀለዱም።

ነጠላችን ሥር ስንገባ አጠገቧ ተኛሁ። ስለ አባቴ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር፣ ግን ተነግሮኝ የለ? ሌላውን ጠየቅኳት።

«እማ፣ አማርኛ ማን አስተማረሽ?»

«ካባኺ» አለችኝ። ከአንቺ። «ማታ ማታ ታነቢልኝ የለ።»

ታነቢልኝ አለች። ለኔ ነው ያለችው፣ ለግድግዳው አይደለም።

በማግስቱ ከምጽዋ በኩል አውቶቡሱ ሲያጓራ ሰማሁ። አልሮጥኩም። አባትሽን አቅፌ ዕቃችን ላይ ተቀመጥኩ። ረዳቱ ሲወርድ ሊቀልድብኝ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው፣ ጥቅላችንን ተቀብሎ ጫነልን። «የቐንየለይ» ብላ አመሰገነችው እናቴ። ጣቶቿ ትንሽ ተፈትተው ነበር፣ የአውቶቡሱን በር ራሷ ይዛ ወጣች።

እወ፣ እንግዲህ ይሄው ነው። አባቴ በረሃ ገባ፣ ታጋይ ሆነ ያሉም ነበሩ፣ ወታደሮች መንገድ ላይ ያዙት ያሉም ነበሩ፤ አየሁት ያለን ሰው ግን የለም። እናቴም ከዚያ በኋላ ወሬኛ አልሆነችም፣ እንዳታስቢ። ካውያዋን ታግላለች፣ እኔ አነባለሁ፣ የአባቴን ስም ሁለታችንም አናነሳም። ድምፄን ግን ከፍ አደረግኩ። ገጹ ሲያልቅ ካውያውን ብረቱ ላይ አስቀምጣ ትጠብቃለች፣ እኔ ገልጬ እቀጥላለሁ። ከዚያች ክፍል የቀረኝ ይሄ ነው። ዛሬም ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ጎረቤቶቼ ከማን ጋር ነው የምታወራው ይላሉ፣ ይበሉ።

ጨረስሽ? በይ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ ግን።