አጎቴ ያደበዘዙት ፎቶግራፍ
በዚያ ቅዳሜ ጣና ዳር የነበርነው አጎቴ፣ ባለቤታቸው እትዬ ዘውዴ፣ ልጃቸው ሰናይት፣ የፋብሪካ ባልደረባቸው ጋሽ መኮንን፣ የጎርጎራው ጀልባ ነጂ ይመርና እኔ ነን።

አጎቴ ፎቶ ከማንሳታቸው በፊት ሌንሱ ላይ «ሃ» ብለው ይተነፍሱበት ነበር። ይህን የለመዱት አንድ የውጭ አገር መምህር ትቶላቸው ከሄደ መጽሐፍ ነው። የድሮ የስፔን ባለጸጎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚያነሱት ፎቶ የቀለም ሥዕል እንዲመስልላቸው ሆን ብለው ያደበዝዙት ነበር አሉ።

«ጓድ ሠዓሊ፣ በዚህ ፎቶ ቀበሌ መታወቂያ አይሰጥህም!» እያሉ ጋሽ መኮንን ያሾፉባቸዋል።

«ጥራት ለመታወቂያ ነው፤ እኔ ሥዕል ነው የምሻ» ይላሉ እሳቸው።

እኔ ግን ጥራት እወዳለሁ፤ በዚሁ ስንከራከር ኖርን። ያን ቀን ሌንሱ ላይ ተንፍሰው ካሜራውን ሰጡኝና ፈጥነው ከጋሽ መኮንንና ከይመር ጋር ጀልባው አጠገብ ቆሙ። እንፋሎቱ እስኪለቅ ልጠብቅ ስል፣ «አሁን አንሳ እንጂ፣ አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹብኝ። ታዘዝሁ።

አጎቴ ካረፉ በኋላ ለአርባቸው የሚሰቀል ፎቶ ስንፈልግ እሳቸው ያሉበት ያ ብቻ ሆነ። ያሳድግልኝ ብዬ የወሰድሁለት ፎቶ አንሺ «ይህማ ጉም ነው፤ ምኑን ላሳድገው?» ብሎ መለሰልኝ። በእሳቸውም በራሴም ተናደድሁ። ግድግዳው እስካሁን ባዶ ነው።

ሰናይት አባቷ ሲነሱ ስቀው ነበር ትላለች፤ እትዬ ዘውዴ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ነበር ይላሉ። እኔ የማየው ሌንሱን እንጂ እሳቸውን አልነበረም። ጋሽ መኮንን፣ ይመር፣ እናንተ አጠገባቸው ነበራችሁ። ፊታቸው እንዴት እንደነበር እባካችሁ ጻፉልኝ።