የሚሽከረከሩት አይጦች

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህን የምጽፈው ልጄ እስክትነቃ ድረስ ነው።

ናዝሬት አጠገብ ባለ ስኳር ፋብሪካ ጆንያ እሰፋ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ ሴንትሪፉጆቹ አሉ፤ ስኳሩን ከሞላሰሱ፣ ከጥቁሩ ወፍራም ዝቃጭ፣ ለመለየት በኃይል የሚሽከረከሩ ትልልቅ ከበሮዎች። ሲነሱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ በእግሬ ወጥቶ ሆዴ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያ ጽንሴ በአራት ወሩ ወርዶብኝ ነበር። አዴ የምላቸው አሮጊት ጎረቤቴ፣ «ያ ማሽን ነው አራግፎ የጣለብሽ» አሉኝ። ሁለተኛውን ሳረግዝ ከባሌ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከበሮዎቹ በተነሱ ቁጥር ሆዴን በጆንያ እሸፍናለሁ፤ ጆንያ የሚያድን ይመስል።

አንድ ቀን ውይይት ክበብ ላይ፣ ሶቪየት ተምሮ የመጣ የፋብሪካችን ወጣት መሐንዲስ ንግግር አደረገ። ሶቪየቶች አይጦችና ተክሎች በሳተላይት ወደ ሰማይ ልከው፣ ከፊሎቹን እዚያው ሴንትሪፉጅ ውስጥ አሽከረከሯቸው አለን።

«እዚያ ክብደት የሚባል ነገር አይሰማም። መሽከርከሩ ክብደት ይሰጣቸዋል፤ እንደ ምድር ይሆንላቸዋል።»

«ጓድ፣ አይጦቹስ ሞላሰስ ይወጣቸዋል?» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ያለውን አሰብኩ። ሰው ፊት ተናግሬ የማላውቀው ሴት፣ እጄ እንዴት እንደተነሳ እንጃ።

«ያረገዘች አይጥ ነበረችበት?»

«ምነው፣ ልታዋልጃት ነው?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠችው፤ እንደገና ተሳቀ።

መሐንዲሱ አልሳቀም። «ባነበብኩት ላይ አልተጻፈም። አላውቅም» አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመድረክ ላይ «አላውቅም» ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው ብዬ ይበልጥ ፈራሁ።

ስንወጣ በሩ ላይ ጠበቀኝ። «አይጦቹ ከበሮው ውስጥ ናቸው፤ አንቺ ከግድግዳው ወዲህ ነሽ» አለኝ፤ ቢሆንም ለአለቃሽ እነግረዋለሁ አለ። በማግስቱ ካፖው፣ የክፍላችን አለቃ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ ወለሉ ብዙ ወደማይንቀጠቀጥበት፣ ወደ ውጪው በር አዛወረኝ።

በሚቀጥለው ውይይት ላይ ሌላ ሰው ቆመ። መሐንዲሱ ተዛወረ ተባለ። ወዴት ብሎ የጠየቀ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ልጄ በጊዜዋ ተወለደች። አሁን ትሮጣለች። የመጀመሪያውን የወሰደብኝ ማሽኑ ይሁን አይሁን ዛሬም አልተረዳሁም። መንገድ ላይ መሐንዲሱን የሚመስል ሰው ሳይ ግን ቆሜ ፊቱን አያለሁ። ያን ቀን በሩ ላይ ሲለየኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያለኝን አልፈጸምኩለትም፦

«ስትወልጂ ንገሪኝ። እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።»