በደጋ የተፈተነ ካርድ

ከሰቆጣ እስከ ጋዝጊብላ እንደ እኔ ግራፊክስ ካርድ የሚያስጋልብ ባለሙያ አልተፈጠረም። ፍጥነቱን ላወራላችሁ ስጀምር ካርዱ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀኛል። ምስክር ከጠየቃችሁ ያለሁት እኔው ነኝ።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሞላ ያስጨበጠኝ የቀለም ብሩሽ ነበር። የካርዱን ማራገቢያ አቧራ እያስጠረገኝ፣ «ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን የሚሠራልን ይህ ነው» አለኝ። «ከፋብሪካ ከወጣበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ ይቻላል። ግን ሲጨመር በቁንጥር ነው። በጨመርክ ቁጥር ፈትነው፣ ሙቀቱን እየው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካየህ ወደ ኋላ መልሰው።»

«ካላየሁስ?»

«ያኔም አትመን። የምትፈትነው በሚሠራው ሥራ፣ በሚሠራበት ቦታ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት አያደክምም።

ጋሽ ሞላ ሱቁን ለእኔ ትቶ ልጁ ዘንድ ሊጦር ከገባ በኋላ እማማ ስንዱ መጡ። አገራቸው ከጽጽቃ ወደ ተከዜ ቁልቁል፣ ቆላው ነው። ልጃቸው ሲሳይ በጦርነት ሞቷል፤ አስከሬኑ አልመጣም። አልቅሰው የሸኙት ልብሱን ነው። ፊቱ የሚታይበት ነገር ጓደኛው በስልክ የቀረጸው አጭር ቪዲዮ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ደብዛዛ ነው።

«ተዝካሩ ላይ ልየው፤ ዘመድም ይየው። ይኸ ጉም ይገፈፍለት ይሆን ልጄ?»

«እማማ፣ ጺሙን አንድ ባንድ አስቆጥርዎታለሁ!»

«ሂድ ወዲያ፣ ቀልደኛ! የምን ጺም? ገና ልጅ እኮ ነው» አሉና ፈገግ አሉ።

ደብዛዛ ምስል የሚያጠራ ፕሮግራም አለ፤ ካርዱን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ደንበኛው አሠራር በፋብሪካው ፍጥነት ቀስ ብሎ አጥርቶ፣ ያለቀውን በፍላሽ ይዞ መውረድ ነበር። እኔ ግን የካርዱን ፍጥነት በአንድ ጊዜ ሽቅብ ሰደድኩት። እዚያው ሕዝብ ፊት እያጠራ ያሳያል አልኩ። በሰቆጣ የጠዋት ብርድ፣ የሱቁን በር ከፍቼ ፈተንኩት። ንቅንቅ አላለም።

ቆላው ግን ጥላውም ያልበዋል። የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ላይ የፕላስቲክ ሸራ ተወጥሯል። ጄኔሬተሩን አስነስቼ በፕሮጀክተር አቡጀዲ ላይ ማሳየት ስጀምር የእማማ ወንድም ኮምፒውተሩን ነካ አድርገው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ምነው ይኸ ሳጥን እንደ ምጣድ ጋለሳ?»

«ጉልበቱ ነው አባባ!»

ሲሳይ ወጣ። ጥርት ብሎ፣ እየሳቀ። እማማ ተነሥተው እስከ ጨርቁ ድረስ ሄዱ። እጃቸውን ሲዘረጉ ግራ ዓይኑ ላይ አረንጓዴ ነጠብጣብ አየሁ። ወዲያው ዓይኑ ጠፋ፤ ጉንጩ ከአገጩ ተለይቶ ወደ ጎን ሄደ፤ ፊቱ ተቆራርጦ እንደ ተበተነ ምስሉ ደርቆ ቀረ።

«ሲሳይ እንዲህ ነው እንዴ የሆነው?» አሉ እማማ።

«የለም እማማ! ማሽኑ ነው፣ ሙቀቱ ነው!»

«አታባብለኝ ልጄ። ይኸው አየሁት።»

ከዚያ ወዲያ ካርዱን ወደ ፋብሪካው ፍጥነት መለስኩት፤ ቪዲዮውንም ንጹሕ አድርጌ ሠርቼ ወረድኩ። የእማማ ወንድም ደጅ ላይ ተቀበሉኝ።

«መልሰህ ውሰደው። እሷ አታየውም። ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት ያኛው የተቆራረጠው ፊት ነው።»

ፍላሹ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ካርድ የሚፈተነው በሚሠራበት ሙቀት፣ በሚሠራው ሥራ ነው። እስኪያልፍ ድረስ ሰው ፊት አይወጣም።

ያ ፈተንኩት ያልኳችሁ ደግሞ፣ በሩን ከፍቼ የኮምፒውተር እግር ኳስ ስጫወት ማርፈዴ ነበር። እሱንም ተሸንፌአለሁ።