ጠይቆ የሚያልፍ ሰው

አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ጠባቂ ነበሩ። ፈረንጁ መሐንዲስ የማሽኖቹ አለቃ ነበር። እኔ ደግሞ ከአሮጌ መዝገበ ቃላት እንግሊዝኛን በራሴ የተማርኩ የፈትል ክፍል ሠራተኛ። ሦስታችንን ያስታወሰችኝ ዛሬ ጠዋት ልጄ ከአዲስ አበባ በስልኬ የላከችልኝ «ሃው አር ዩ?» የምትል አጭር መልእክት ናት። እስካሁን አልመለስኩላትም።

ያኔ የኮምቦልቻ ጠዋት የጥጥ ብናኝና የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። መሐንዲሱ በበሩ ሲያልፍ እጁን ከፍ አድርጎ «ሃው አር ዩ?» ይልና ሳይቆም ይገባል።

«ምን አለኝ?» ይሉኛል አባቴ።

«እንዴት ነዎት ነው። ‹ፋይን› ብለው ይለፉት፤ ለእነሱ ሰላምታ ብቻ ነው።»

«ዐጂብ ነው! ጠይቆኝ ይሄዳል?»

በእኛ አገር ሰላምታ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነው። ሚስቱ፣ ልጁ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሳይቀር አንድ በአንድ ይጠየቃል፤ ሁሉም ሳያልቅ እጅ አይለቀቅም።

አንድ ጠዋት አባቴ የመሐንዲሱን እጅ ያዙ። «በል ንገረው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሚስቴን ጉልበቷን ያማታል። ላሚቱ ወልዳለች።» እያፈርኩ ተረጎምኩለት። ከኋላችን የቆሙት ሠራተኞች «አባ፣ የዶሮዎቹንም ይንገሩት እንጂ!» እያሉ ይስቃሉ። ፈረንጁም ፈገግ ብሎ ሰዓቱን አየ። አባቴ ግን አልለቀቁትም።

«አንተስ? ልጆችህስ?»

«ፋይን፣ ፋይን።»

«እናትህስ?»

ዓይኑን ከሰዓቱ ላይ አነሳ። ሳቁም ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እናቱ ትናንት እንደሞተች፣ ለቀብሯም እንደማይደርስ ነገረኝ። ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም አልነበረም።

ስተረጉምላቸው አባቴ «አብሽር፣ ልጄ» ብቻ አሉት። በሩን ትተው መስገጃቸውን ከዛፉ ጥላ ሥር አነጠፉና አጠገባቸው አስቀመጡት። ሠራተኛው ከየክፍሉ እየወጣ፣ ጫማውን እያወለቀ ዙሪያውን ተቀመጠ። ወሬው ደሴ ደርሶ ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ የመጡም ነበሩ። ሴትየዋን ማንም አያውቃትም፤ ያ ሁሉ ሰው ግን እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገላት። መሐንዲሱ አንገቱን ደፍቶ ያለቅሳል። እኔ የማውቀው የመሰለኝ ያ «ሃው አር ዩ» ይህን ያህል ሰው ሊያስቀምጥ መቻሉ አስፈራኝ።

ልጄ ስትደውል የምነግራት ይህንኑ ነው፦ መልሱን ቆመሽ የማትሰሚ ከሆነ ሰውን አትጠይቂ።

ያ ጥያቄ ፋብሪካውን የአንድ ቀን ሥራ አስከፈለው። መሐንዲሱን ለብቻው የደበቀውን እንባ። አባቴን እንጀራቸውን፤ በሩን ክፍት ትተው በመሄዳቸው በማግሥቱ ተሰናበቱ፣ የመሐንዲሱም ልመና አልመለሳቸውም። ቤት ሲገቡ እናቴ ፊታቸውን አይታ «ምነው፣ ምን ሆኑ?» አለቻቸው።

«ጉልበትሽ እንዴት ዋለ?» አሉና ደጃፉ ላይ ቆመው እስክትጨርስ ሰሟት።